የዘንድሮው ፋሲካና ሳሎናችን ውስጥ የቆመው ፍየል

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ በቀዳም ሥዑር፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሌላ ዓመት ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰዓት ካህኑ ያደሉኝን ቄጠማ ግንባሬ ላይ አስሬ፣ ቅቤ ረሳህ፣ ቆርቆሮ በርበሬ ጨምር እየተባልኩ ከገበያ ገበያ ስመላለስ ታገኙኝ ነበር። ዘንድሮ ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወር አልፎታል፤ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም መጨባበጥም ተከልክሏል። እኛ ቤት እናቴ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄና እኔ ስለሆንን ቁጥራችን ልክ አራት ነው፤ እናቴም «ድመቷ እንዳትቆጠር ብቻ» እያለች ትቀልዳለች።

ስለ ወረርሽኙ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች በየሰዓቱ ይነግሯችኋልና እኔ የማጫውታችሁ ቤት ውስጥ ተዘግተን በቆየንበት በዚህ አንድ ወር ስላገኘናቸው የስልክና የኢንተርኔት ጨዋታዎች ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ «ስልኩን አስቀምጥ» የሚለው ትእዛዝ በዚህ ቤት የእኔ ነበር። ልጄ የራሱ ስልክ የለውም፤ የእናቴ ስልክ ቁልፉ የሚጫን ትንሽዬ ነው፤ የባለቤቴ ደግሞ በሥራ ምክንያት ቀኑን ሙሉ አይለቀቅም። ስለዚህ አንዱ የእኔ ስልክ የጋራ ሆነና ምሽት ምሽት አራት ራስ በአንድ ስክሪን ላይ ማጎንበስ ጀመረ።

የመጀመሪያው ግኝት የልጄ ነው። በጉግል መፈለጊያ የአንዳንድ እንስሳትን ስም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ስትፈልጉ፣ ከሚመጣላችሁ መረጃ ሥር እንስሳውን ከየአቅጣጫው አዙራችሁ እንድታዩት የሚያስችል ቁልፍ ይወጣል። እሱን ስትነኩ ስልኩ ካሜራውን ይከፍትና ወለሉን አጥንቶ፣ እንስሳውን በእውነተኛ ቁመቱ ልክ እናንተ ክፍል ውስጥ ያቆመዋል። በሁሉም ስልክ ላይ አይሠራም፤ ከሠራላችሁ ግን አንበሳም፣ ፓንዳም፣ ፔንግዊንም አለ። ልጄ አንበሳውን ከሰለቸው በኋላ በሰሙነ ሕማማቱ ረቡዕ ፍየል አመጣ። ፍየሉ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ቆሞ አንገቱን እያወዛወዘ ሲመለከተን፣ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረበችና ለረጅም ጊዜ አየችው። «ወገቡን ልዳብሰው» ብላ እጇን ስትዘረጋ ያገኘችው የሶፋውን ጠርዝ ነበር። ፍርዷንም ወዲያው ሰጠች፦ «ሙክት አይደለም፤ አትግዙት።» ልጄ ያነሳውን ፎቶ ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ ብልክላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «በስንት ገዛችሁት?» ብላ ጻፈች። ለዚህ ፋሲካ ያረድነው ፍየል የለም፤ አንድ ዶሮ ይበቃናል ብለናል።

ሁለተኛው ገበጣ ነው። አንድ የገበጣ መተግበሪያ አውርጄ ለእናቴ ሳሳያት መጀመሪያ ደስ አላት፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፣ ስድስት በስድስት ሆኖ ተደርድሯል። ችግሩ የመጣው በጨዋታው መካከል ነው። የስልኩ ገበጣ የመጨረሻዋ ጠጠር ሌሎች ጠጠሮች ባሉበት ጉድጓድ ውስጥ ስታርፍ ተራውን ለተቃራኒው ይሰጣል፤ እናቴ ልጅ ሆና በተጫወተችው ገበጣ ግን እዚያ ያለውን ሁሉ አንስቶ መዝራት መቀጠል ነው፤ ተራ የሚለቀቀው ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው። «ይህ ስልክ እጁ ቶሎ ይደክመዋል» አለችና ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ለዶሮ ወጡ የተገዛው እንቁላል የመጣበትን የሠላሳ ካርቶን ይዛ ተመልሳ፣ ባለ ስድስት ጉድጓዱን ሁለት ረድፍ በመቀስ ቆርጣ፣ አርባ ስምንት ሽምብራ ቆጥራ አስቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ መተግበሪያውን የከፈተው ሰው የለም። ልጄ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸንፎ ትናንት ማታ አንድ ጊዜ አሸነፈ፤ እናቴ ሆን ብላ ለቃለት እንደሆነ ብጠይቃት አልመለሰችልኝም።

ባለቤቴ የወደደችው ሬድዮ ጋርደን የሚባለውን ድረ ገጽ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ ሲሆን፣ ስክሪኑ ላይ መሬት እንደ ኳስ ትሽከረከራለች፤ በላይዋ የተበተኑት አረንጓዴ ነጥቦች በየከተማው ያሉ የሬድዮ ጣቢያዎች ናቸው። ነጥቡን መሐል ላይ ስታመጡት በዚያች ደቂቃ እየተላለፈ ያለውን ትሰማላችሁ። ባለፈው እሑድ፣ እኛ ሆሣዕናን ስናከብር የምዕራባውያኑ ፋሲካ ስለነበር፣ ከጣሊያን የትንሣኤ ዝማሬ አግኝታ «እነሱ እኮ ቀድመውን ፈሰኩ» ብላ ጠራችን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሽንኩርት ስትከትፍ ከኬፕ ቨርዴ ሙዚቃ ከፍታ ነበር፤ እንባዋ ከሽንኩርቱ ይሁን ከዘፈኑ አልጠየቅኋትም።

የእኔን ምርጫ ለብዙዎቻችሁ ደግሜ ደጋግሜ ልኬዋለሁ፤ አሁንም አልተውኩም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ተዞሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ቅጂ ይዟል። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ብዙዎቹን መርምረው ዝርዝር ያዘጋጁት በዚያ ነው። ዛሬ ብዙዎቹን በነፃ ተመዝግባችሁ በስልካችሁ መግለጥ ትችላላችሁ። ከማይክሮፊልም የመጡት ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ትንሽ ያሳዝናል። ዐርብ ማታ አንድ ዳዊት ከፍተን ስናጎላው፣ ከገጹ ጥግ ላይ ክብ ጠቃጠቆ አየን። እኔ የፊልሙ ብልሽት መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ «ይህ የጧፍ ጠብታ ነው፤ ሌሊቱን ሲደግም እንቅልፍ የጣለው ሰው ነው» አለች። ጠብታው ያረፈበትን መዝሙር እዚያው በቃሏ እስከ መጨረሻው አወረደችው።

ያልቀናንም ነገር አለ። በሆሣዕና ዕለት ዘመድ አዝማዱን ሁሉ በአንድ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሰብስበን፣ የቤተሰቡ ታላቅ የሆኑት አጎቴ እንዲመርቁን ጠየቅን። አጎቴ ምርቃት ሲጀምሩ ከአያት ቅድመ አያት ነው። በነፃ የሚሰጠው ጊዜ ማለቁን ማንም አላስታወሰም፤ ልክ «ልጆቻችሁን…» ሲሉ ሁላችንም ተቆረጥን። እስካሁን የልጆቻችን ነገር በአየር ላይ ነው። እነዚያን በአንድ ደቂቃ የሚያልቁ ቪዲዮዎች ደግሞ አልመክራችሁም፤ የሞከርንባቸው ምሽት አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ሶስታችን ስንቀመጥ፣ ሰዓቱ ሄዶ ነበር፤ ማንም ግን ምን እንዳየ አያስታውስም።

የዛሬ ሌሊት ዕቅዳችንን ነግሬያችሁ ላብቃ። ቅዳሴውን እንደ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ነው የምንከታተለው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጾሙን ከፈታን በኋላ ግን ስቴላሪየም የተባለውን የከዋክብት መተግበሪያ ይዘን ግቢ እንወጣለን። ይህ መተግበሪያ ያላችሁበትን ቦታና ሰዓት ካወቀ በኋላ፣ በስልኩ ውስጥ ባለው ኮምፓስና የማዘንበል መለኪያ እየተመራ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ስትቀስሩት በዚያ በኩል ያለውን ኮከብ ስሙን ይነግራችኋል፤ የኢንተርኔት ጥቅል ላለቀበትም ይሠራል። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ስለምንኖር አንድ ዕድል አለን፤ በዚህ ወር እኩለ ሌሊት ላይ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን አራት ከዋክብት በደቡብ በኩል፣ የሰሜኑን ኮከብ ደግሞ በእንጦጦ በኩል ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱንም ከአንድ ግቢ መፈለግ እንችላለን። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁት በዚህ ቅኑብን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምንጠብቀው ግን ሌላ ነው። ሰማዩ ከጠራ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ጁፒተር፣ ሳተርንና ማርስ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ከሁሉ የሚደምቀው ላይኛው ጁፒተር ነው፤ ከታች ቀላ ብሎ የሚታየው ማርስ ነው። ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ ሊነጋጋ ሲል እነዚሁ ሦስቱ በእርሷም ደቡብ ምሥራቅ በኩል እንደሚቆሙ ነግሬያታለሁ፤ ማንቂያ ሞልታ ተኝታለች። እናንተም ብትወጡ ደስ ይለኛል። ከቆርቆሮው በር ግን ራቅ በሉ፤ ብረት ኮምፓሱን ያሳስተዋል፤ ትናንት ስንለማመድ ጁፒተርን የጎረቤታችን የውኃ ታንከር ላይ አስቀምጦልን ነበር።