ለበዓሉ ተረኞች

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉ የጤና፣ የፍቅርና የደስታ ይሁንላችሁ።

በበዓል ቀን ሥራ ላይ የሚውሉትን ስናመሰግን ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውን እናነሳለን። ይገባቸዋል። ዘንድሮ ግን ማንም ስለማያነሳቸው ተረኞች ልጽፍላችሁ ፈለግኩ፤ ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኞች። ፍሳሽ በዓል አያውቅም። እንዲያውም ቤቱ ሁሉ በእንግዳ የሚሞላው፣ ዕቃው የሚታጠበው፣ የተረፈው ዘይት ወደ ቱቦ የሚደፋው በዚህ ቀን ነው። ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ዋይትቻፕል ሥር የተገኘው የረጋ ስብ 250 ሜትር ይረዝም ነበር፤ ክብደቱም 130 ቶን። ሠራተኞች ወርደው ለሳምንታት እየቆራረጡ አወጡት።

ለእነዚህ ሰዎች ክብር በአደባባይ የቆመ የጥበብ ሥራ የት አለ ብዬ ስፈልግ ሰነበትኩ። መጀመሪያ የሚገኘው መሐንዲሱ ነው። ለንደን ቴምዝ ወንዝ ዳር የጆሴፍ ባዛልጌት መታሰቢያ ቆሟል። በ1858 የወንዙ ክርፋት ፓርላማውን ሳይቀር መቆሚያ መቀመጫ ካሳጣ በኋላ ትልቁን የፍሳሽ መስመር የዘረጋው እሱ ነው። ክብሩ ሲያንሰው ነው። ጡቡን የደረደሩት ግን መታሰቢያው ላይ የሉም።

ሠራተኛው ራሱ የሚታየው የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫ ውስጥ ነው። ቪክቶር ሁሊክ በ1997 የሠራው «ቹሚል» የሚባል የነሐስ ሰው ከማንሆል ብቅ ብሎ፣ ክንዶቹን አስፋልቱ ላይ አጣጥፎ፣ አገጩን አሳርፎ መንገደኛውን ያያል። አብሮት ፎቶ መነሳት የፈለገ ዝቅ ማለት አለበት። ይሄ ደስ ይለኛል። ሆኖም ሰውየው እረፍት ላይ ነው፤ ከታች የሚጠብቀው ነገር አይታይም። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ሲጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ነው ሰው የሚሞተው።

ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ያለው የኒውታውን ክሪክ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያም አለ። ዝቃጩ የሚብላላባቸው 8 ግዙፍ ጋኖች ማታ ማታ በሰማያዊ ብርሃን ይደምቃሉ። ያምራሉ፣ ግን የሚያምረው ጣቢያው ነው፤ ሠራተኛው አይታይም።

ልቤን የነካችው ሚየርል ላደርማን ዩከለስ ናት። ከ1977 ጀምሮ በኒው ዮርክ የጽዳት መሥሪያ ቤት ያለ ደመወዝ አርቲስት ሆና ሠርታለች። በ1979 እና በ1980 ከተማውን ሁሉ እየዞረች 8,500 የጽዳት ሠራተኞችን አንድ በአንድ ጨበጠች። ለእያንዳንዱም «ኒው ዮርክን በሕይወት ስላቆያችሁ አመሰግናለሁ» አለችው። በ1983 ደግሞ የቆሻሻ መኪና በመስታወት አለበሰች። መኪናው ሲያልፍ መንገደኛው የሚያየው ራሱን ነው፤ ቆሻሻው የማን እንደሆነ ማለት ነው። እነዚያ ደረቅ ቆሻሻ የሚያነሱ ናቸው፤ የእሷ አካሄድ ግን ለፍሳሽ ሠራተኞችም ይሆናል።

እኔ ብጠየቅ የማሠራውን ልንገራችሁ። በየጣቢያው በየቀኑ የሚደረግ ቀላል ምርመራ አለ። ሠራተኛው አየር ከሚነፋበት ገንዳ ቡናማ ውሃ ቀድቶ ባለ 1 ሊትር ሲሊንደር ይሞላል። ከዚያ 30 ደቂቃ ይጠብቃል። ቡናማው እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተያያዘ ቀስ ብሎ ይሰክናል። ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። ካልሰከነ፣ ቆሻሻውን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን አንድ ነገር ሆነዋል ማለት ነው። አየር ይጨመር? ዝቃጭ ይቀነስ? ይህን የሚወስነው ሲሊንደሩ አጠገብ የቆመው ሰው ነው። ማንቸስተር ውስጥ በ1914 ይፋ የሆነው ይህ፣ አየር እየነፉ ቆሻሻውን በተሕዋስያን የማስበላት ዘዴ፣ እስከ ዛሬም ያለዚህ ሰው ዓይን አይሠራም።

ያንን ሲሊንደር ከሰው ቁመት አስበልጬ አደባባይ ላይ አቆመው ነበር። ውስጡ እውነተኛ ውሃ እየደፈረሰ እየጠራ ይውላል። ከሥሩ የዕለቱ ተረኞች ስም ይጻፋል፤ ፈረቃ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል። ያው፣ ፈቃዳቸው ከሆነ። ሰው እንዳይጸየፋቸው ሥራቸውን ለጎረቤት የማይናገሩ አሉ። ስለዚህ አርቲስቱ ንድፍ ከመጀመሩ በፊት እነሱ ጋ ቁጭ ብሎ መስማት አለበት።

እናንተስ? ባላችሁበት እንዲህ ያለ የጥበብ ሥራ ካለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ስትደውሉ ምን ቢቆምላቸው ደስ እንደሚላቸው ጠይቁልኝ።