ከጀርባ የሚቀመጠው ሰው

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ጓደኛዬ ቤት። ጠረጴዛው ላይ ከጀርመን፣ ከዶርትሙንድ፣ በሻንጣዬ ይዤው የመጣሁት ካታን የሚባል የሰሌዳ ጨዋታ ተዘርግቷል። የምንጫወተው አራት ነን። ቤቱ ውስጥ ግን ዘጠኝ ሰው አለ፤ ዘጠኙም ይጫወታል።

ይሄ ነው ሲናፍቀኝ የኖረው።

ጀርመን በገባሁ በመጀመሪያው የብርድ ወራት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ጠራችኝ። «ሽፒለአቤንድ» ይሉታል፣ የጨዋታ ምሽት ማለት ነው። ቀኑ የተቆረጠው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ማታ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ትደርሳለህ፣ አራት ሰዓት ላይ ትወጣለህ። ውለታቸውን መቼም አልረሳም። ያኔ ቋንቋው ገና አፌ ላይ አልተፈታም ነበር። እንጨት «ሆልዝ»፣ ሸክላ «ሌም»፣ ሱፍ «ቮለ» መባሉን የተማርኩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ካታን ስንጫወት ነው። ጨዋታውን የፈጠረው ክላውስ ቶይበር ሙያው ጥርስ ሠሪነት ነበር። በፈረንጆቹ 1995 ወጣ፣ በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይጎድለኝ ነበር። እዚያ አንዱ ሲያስብ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከኋላው ቆሞ «ተው፣ እዚያ አትግባ!» የሚለው የለም። የማይጫወት ሰው መጀመሪያውኑ አይመጣም።

እኔ ያደግሁት ዳማ ላይ ነው። ካርቶን ላይ 64 ቤት በእስክሪብቶ እናሰምራለን። 24 ቆርኪ እንለቅማለን፤ የአንዱን 12 በፊቱ፣ የሌላውን 12 በጀርባው እንደረድራለን። ተሸናፊ ይነሣል፣ ተረኛ ይገባል። ተረኛው ደግሞ አፉን ዘግቶ አይጠብቅም። በድሮው የአገራችን ሰንጠረዥም፣ በአገርኛው ቼዝ፣ እንዲሁ ነበር። መክፈቻው «ወረራ» ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ አልነበረም፣ ሁለቱም ባንዴ ያንቀሳቅሱ ነበር። ዙሪያውን የከበበው ሰውም ጮክ ብሎ ይመክር ነበር።

ካታን ላይ እህል፣ በግ፣ እንጨት፣ ሸክላና ማዕድን እየሰበሰብክ መንገድና መንደር ትሠራለህ። 10 ነጥብ የሞላለት ያሸንፋል። የሁለቱ ዳይስ ድምር 7 ከመጣ ዘራፊው ይነሣና አንዱ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ያ መሬት ምርት አይሰጥም። ጓደኞቼ ገና በመጀመሪያው ዙር «ሽፍታው» አሉት። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልነበረውም።

ንግዱ ላይ ስንደርስ ቤቱ ሞቀ። ዶርትሙንድ «አንድ በግ በአንድ ሸክላ?» ትላለህ፣ «እሺ» ወይም «አይ» ይሉሃል፣ አለቀ። እዚህ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ ጓደኛችን አለች። «ኧረ በሞቴ፣ አንድ በግ ጨምር!» ትላለች። «ቅድም እህል ስሰጥህ ምን ብለኸኝ ነበር?» ትላለች። ባንክ የሚሠራው ጓደኛዬ ደግሞ በብድር መስጠት ጀመረ። የጨዋታው ሕግ ብድር አያውቅም። እኔም አልከለከልኩትም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እማማ፣ የጓደኛዬ እናት፣ ጥግ ላይ ቡና ያፈላሉ። አቦሉን ሲሰጡን «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብለው አለፉ። ቶናው ላይ በርጩማቸውን ጎትተው ከኋላዬ ተቀመጡ። እኛ ጋ ከኋላህ የተቀመጠ ሰው ካርድህን ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ያንተ ወገን ነው። ምንም አልጠየቁኝም። ዝም ብለው አዩ።

በረካው ሲደርስ 8 ነጥብ ነበረኝ። ባንክ የሚሠራው አንድ ሸክላ በሁለት እህል ጠየቀኝ። ጥሩ ዋጋ ነው፣ ካርዱን አወጣሁ። እማማ እጄን ያዙኝ።

«አትስጠው ልጄ። መንገድህን ሊዘጋብህ ነው።»

ሰሌዳውን እንደገና አየሁት። እውነታቸውን ነው። ለመዝጋት የቀረችው አንዲት ሸክላ ብቻ ነበረች። እሱም ሳቀና «እማዬ፣ የማን እናት ነሽ?» አላቸው። ዘጠኛችንም ሳቅን። ጀርመን ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም እጄን እንዲህ ይዞ «አታድርግ» ብሎኝ አያውቅም። ካርዱን ይዤ ትንሽ ዝም አልኩ።

ሦስት ሰዓት አለፈ። ባጃጅ ሳይጠፋ መሄድ ነበረብን። ገና ማንም 10 አልሞላም። ልሰበስበው ስል እማማ ከለከሉኝ። የጎረቤት ልጆች እንዳይነኩት ሰሌዳውን እንዳለ በአሮጌ ነጠላ ሸፈኑት።

«ነገ ማታ ትጨርሱታላችሁ» አሉ። «ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ ነው የምሠራው። በጊዜ ኑ።»