የጾም ረቡዕ ከአክስቴ ጋር በኖርዝ ኤንድ

ሳሌም ስትሪት ላይ አክስቴ ድንገት ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አየሩን ሳቡት። «ይሄ ፎርኖ ነው» አሉ። «ከምድጃ አሁን የወጣ ፎርኖ።»

መስከረም ላይ ነው። ከሜሪላንድ ለአንድ ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አክስቴ ካምብሪጅ ሲኖሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ከወንዙ ማዶ ቦስተን ውስጥ ያለውን የጣልያኖች ሰፈር፣ ኖርዝ ኤንድን፣ ግን ዞረውት አያውቁም። ምክንያቱን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። አባታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ አርበኛ ነበሩ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ታላቅ ወንድማቸውን አጥተዋል። እሳቸው ቤት ፓስታ አይገባም ነበር። «የጠላት ምግብ» ነው የሚሉት። አክስቴ ፓስታ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሱት ጎረቤት ቤት ተደብቀው ነው።

ስለዚህ «እትዬ፣ ነገ ኖርዝ ኤንድ ልውሰድዎት» ስላቸው ወዲያው እሺ አላሉም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ነገ እኮ ረቡዕ ነው። ምን እበላለሁ?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ የመራን ይሄ ጥያቄ ነው።

በቀዩ ባቡር ሄደን፣ ፓርክ ስትሪት ላይ ወደ አረንጓዴው ቀይረን ሃይማርኬት ወረድን። ከጣቢያው ወደ ሰፈሩ የሚያሻግረው ረጅም መናፈሻ ነው። ቀድሞ በዚያ ቦታ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ አውራ ጎዳና ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሠራ ኖርዝ ኤንድን ከመሃል ከተማው ቆርጦ ለየው። በኋላ መንገዱ ከመሬት በታች ገባ፤ መናፈሻው በ2008 ተከፈተ። ያ መንገድ ሰፈሩን ብዙ አስቸግሮታል። ግን እንደ ደሴት ለይቶ ያቆየውም እሱ ይመስለኛል። ጎዳናዎቹ ዛሬም ጠባብ ናቸው። ቤቶቹ ቀይ ሸክላ፣ ተጠጋግተው የቆሙ። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ።

ጎብኚው ሁሉ በቀዩ የጡብ መስመር እየተመራ ወደ አሜሪካ አብዮት ጀግናው ወደ ፖል ሪቪር ቤትና በ1723 ወደተሠራው ኦልድ ኖርዝ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እኛም አየናቸው። ታሪካቸውን የሚተርክ ሞልቷል፤ እኔ ወደ ዳቦው ልመለስ።

ሳሌምና ፕሪንስ ስትሪት የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ቦቫ የሚባል ዳቦ ቤት አለ። ሽታው የመጣው ከዚያ ነበር። አክስቴ ገብተው ጠየቁ። ወተት አለው? ቅቤስ? ሻጯ በትዕግሥት መለሰችላቸው። ረጅሙ ዳቦ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ነው። ገና ትኩስ ነበር። በር ላይ ቆመን በእጃችን ቆረስነው። ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ፕሪንስ ስትሪት ላይ ደግሞ ከ1907 ጀምሮ የሚጋግር ፓርዚያሌ የሚባል ሌላ ዳቦ ቤት አለ። እዚያም ጎራ አልን። ለሚጾም ሰው እንዲህ ዓይነት ሰፈር ውስጥ ከኬክ ቤት ይልቅ ዳቦ ቤት ይሻላል። ይህንን በሙሉ ልቤ እመክራለሁ።

አክስቴ እየበሉ የሱቆቹን መስታወት ማንበብ ጀመሩ። ፎርኖ። ሳልሳ። ቢስኮቲ። ማኪያቶ። አንዱ ኬክ ቤት መስኮት ላይ በስስ በስሱ የተነባበረ፣ ከላይ ነጭ ስኳር የተነሰነሰበት ኬክ አዩ። «ሚልፎኒ!» አሉ፤ የፒያሳ ኬክ ቤቶች ትዝ አሏቸው። የጣልያኖቹ ስም ሚሌፎሊዬ ነው፤ «ሺህ ቅጠል» ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ሚልፎኒ ሆነ። አክስቴ ይህንን አያውቁም ነበር፤ ደጋግመው «ሺህ ቅጠል» እያሉ ሄዱ። «ፎርኖ እኮ የራሳችን ቃል ይመስለኝ ነበር» አሉኝ ቆይተው። ፓስታ ያልገባበት የአያቴ ቤት ውስጥ እንኳ ዳቦው ፎርኖ ይባል ነበር።

ፖልካሪ የሚባለው ሱቅም እዚያው ሳሌም ስትሪት ላይ ነው። ከ1932 ጀምሮ ቡናና ቅመም ይሸጣል። ውስጡ ጠባብ ነው። ባቄላው፣ ሩዙ፣ ቅመሙ በየዕቃው ተቀምጦ ተመዝኖ ይሸጣል። አክስቴ እዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ድንብላሉን አሸተቱ፤ ቅርንፉዱን አሸተቱ። መርካቶ ቅመም ተራ እንደገቡ ሆኑ። ሲወጡ ግማሽ ፓውንድ ቡና ይዘው ወጡ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ስለ ረቡዕ የማውቀውን ነገርኳቸው። ፕሪንስ የሚባለው የፓስታ ፋብሪካ በ1912 የተጀመረው እዚሁ ፕሪንስ ስትሪት ላይ ነው። ስሙንም ከመንገዱ ወሰደ። በ1969 የወጣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነበረው። እናት በመስኮት ልጇን «አንቶኒ!» ብላ ትጠራለች። ልጁ በሰፈሩ ጎዳናዎች እየሮጠ ቤቱ ይገባል። መልእክቱ አንድ ነው፤ ረቡዕ የስፓጌቲ ቀን ነው። አሜሪካኖች በተለይ የዚህ አካባቢ ሰዎች እስከዛሬ ያስታውሱታል።

አክስቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ረቡዕ? ታዲያ እኛስ ረቡዕ ምንድን ነው የምንበላው? ፓስታ በሳልሳ አይደለም እንዴ!» እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሰዓት ከሽሮ ቀጥሎ የሚታዘዘው እሱ ነው።

ሃኖቨር ስትሪት ዋናው የምግብ ቤቶች መንገድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰልፉ ያስፈራል። ከሦስት ቀን በፊት፣ እሁድ፣ ብቻዬን መጥቼ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት በር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ነበር። ገብቼ ሳልጨርስ ሒሳብ አቀረቡልኝ። ሰልፍ ያለበት ሁሉ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ከአክስቴ ጋር ወደ ጎን መንገድ ገባንና ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ቤት አገኘን።

እዚህ ላይ ለጾመኛ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። ትኩስ ፓስታ፣ እዚያው ቤት የሚዳመጠው፣ ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለው። ደረቁ ግን ከጠንካራ ስንዴ ዱቄትና ከውሃ ነው የሚሠራው። «እንቁላል የሌለበት ደረቅ ፓስታ፣ ማሪናራ፣ አይብ አይነስነስበት» ብላችሁ እዘዙ። ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ነው። አስተናጋጁ «ጾም ነው?» ብሎ ጠየቀ። አያቱ ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማትበላ ነገረን። አክስቴ ከዚያ በኋላ እንደ ልጃቸው ያነጋግሩት ጀመር።

ሳህኑ መጣ። አክስቴ መጀመሪያ አሸተቱት። «በሶብላ አለው» አሉ። ባዚል የበሶብላ ዘመድ ነው፤ አልተሳሳቱም። የእኛ ሳልሳ ሽንኩርቱ በደንብ ቁሌት ይሆናል፣ ቲማቲሙ ይበስላል፣ ቃሪያ ይገባበታል። የነሱ ቶሎ ይወርዳል፤ ቲማቲሙ ገና ቲማቲም ቲማቲም ይላል። ፓስታውም ለጥርስ ትንሽ ይጠነክራል። አክስቴ ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ። የእኛ ይሻላል ብለው ግን ፈረዱ። እኔ እንኳ በሳልሳው የነሱን እመርጣለሁ።

ከምሳ በኋላ ወደ ባሕሩ ወረድን። ኮሜርሻል ስትሪት አጠገብ መናፈሻ አለ። አንድ ትንሽ ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1919 (እ.ኤ.አ.) እዚህ ቦታ የነበረ ትልቅ የሞላሰስ ማጠራቀሚያ ተቀደደ። ወፍራሙ ጥቁር ፈሳሽ እንደ ማዕበል ወጥቶ ቤት አፈረሰ። 21 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የአይሪሽና የጣልያን ስደተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። ከሞቱት ውስጥ ሁለቱ የአስር ዓመት ሕፃናት ናቸው። ማጠራቀሚያው ከመጀመሪያው ያፈስ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች የሚፈሰውን በጣሳ ይቀዱ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ድሃ በሚኖርበት አጠገብ ነው የሚተከለው።

አክስቴ አማተቡ። የሰፈሩ ጣልያኖች መቼ እንደመጡ ጠየቁኝ። አብዛኞቹ ከ1880ዎቹ ጀምሮ፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከመያዙ በፊት፣ ከደቡብ ጣልያንና ከሲሲሊ ነው የመጡት አልኳቸው። ሲሲሊ ካለችው ሻካ የመጡት ዓሣ አጥማጆች ከ1910 ጀምሮ በየነሐሴው እመቤታችንን በጎዳናው ላይ ተሸክመው ያነግሣሉ። «እመቤታችንን?» አሉ። አዎ። «በየነሐሴው?» አዎ። ሌላ አልጠየቁም። ባሕሩን እያዩ ብዙ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ሐሙስ ጠዋት የቀሰቀሱኝ እሳቸው ናቸው። «ዛሬ ጾም አይደለም» አሉኝ።

ኖርዝ ኤንድ ተመልሰን፣ ጋሌሪያ ኡምቤርቶ የሚባለው ፒዛ ቤት ሲከፈት ሰልፍ ላይ ነበርን። ይህ ሰልፍ ይገባዋል። የሚሠራው ለምሳ ብቻ ነው፤ ያዘጋጁት ካለቀ ይዘጋል። በካሽ ብቻ ነው። ወፍራም የሲሲሊ ፒዛና አራንቺኒ፣ ማለትም ውስጡ ሥጋ ያለበት የተጠበሰ የሩዝ ድቡልቡል፣ በላን። በ2018 ትልቅ ብሔራዊ ሽልማት ያገኘ ቤት ነው፤ ሳህኑ ግን አሁንም ወረቀት ነው።

ካኖሊ፣ ማለትም ሪኮታ የሚባል ለስላሳ አይብ የሚሞላበት ጥቅል ኬክ፣ ላይ የቦስተን ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ማይክስ በ1946 ተከፈተ፤ ነጭና ሰማያዊ ሳጥኑን በክር አስሮ ይሰጣል። ሞደርን ከ1930 ጀምሮ አለ፤ ስታዝዙ ነው ሪኮታውን የሚሞላው። እኔ ሞደርን ነኝ። ካኖሊ ተሞልቶ ከቆየ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ አለቀ።

መጨረሻ ላይ ካፌ ቪቶሪያ ገባን። ከ1929 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ግድግዳው ሥር አሮጌ የቡና ማሽኖች ተደርድረዋል። አክስቴ አስተናጋጇን በአማርኛ ቅላጼ «ማኪያቶ» አሏት። ገባት። የመጣው ግን ትንሽዬ ስኒ ነበር፤ ቡና ላይ ጠብ ያለ ወተት። «ወተት ትጨምርልኝ በላት» አሉኝ። ጨመረችላቸው።

ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርገው አማሰሉና ቀመሱ። «አባባ እዚህ ተቀምጬ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር?» አሉ። ምን እንደምመልስ አላወቅኩም። እሳቸውም መልስ የጠበቁ አይመስልም። ስኒውን ጨርሰው ሁለተኛ አዘዙ።