ሲሚንቶ ልትቆፍሩ ከሆነ ሶዳ አሹን አርቁት

የነዳጅ ጉድጓድ ላይ የጭቃ ኢንጂነር ሆኜ ስገባ ምክር አልጎደለኝም። ጭቃ የምንለው ሲቆፈር ጉድጓዱ ውስጥ የሚዘዋወረውን የቁፋሮ ፈሳሽ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ስትነካ መነጽርና ጓንት አትርሳ። ሪፖርትህን በሰዓቱ አድርስ። ከሱፐርቫይዘር ጋር አትጋጭ። ሲሚንቶ ደህናውን ጭቃ እንዴት እንደሚያበላሽ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። እናንተ እንኳ ሰምታችሁ ግቡ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ክፍል ብዙ አይወራለትም። ውሃውን መረመርን፤ የነበረበትን ካልሲየም በትንሽ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) አወጣን። ቤንቶናይቱን፣ ማለትም ጭቃውን የሚያወፍረውን ሸክላ፣ ቀስ እያልን ጨመርን፤ ውሃ ጠጥቶ እስኪያብጥ ጠበቅን። ክብደት ሲያስፈልግ ባራይት የሚባለው ከባድ ማዕድን ገባ። በማርሽ ፈነል (የጭቃ ውፍረት መለኪያ) ንጹህ ውሃ በ26 ሰከንድ ይወርዳል፤ የኛ ጭቃ ከዚያ ዘግየት ይል ነበር እንጂ አይጎተትም ነበር። ቁርጥራጩን ያወጣል፣ ቢቱን (መቆፈሪያውን ጫፍ) ያቀዘቅዛል፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ደግፎ ይይዛል። ኬዚንጉ (ጉድጓዱን የሚደግፈው የብረት ቱቦ) ወረደ፣ በቱቦውና በግድግዳው መካከል እንዲገባ ሲሚንቶው ተገፋ፣ ጠንክሯል ተባለ።

መከራው የጀመረው ኬዚንጉ ውስጥ የቀረውን ሲሚንቶ ቆፍረን ወደ ታች ልናልፍ ስንል ነው።

ከቢሮ በመጣው ፕሮግራም ላይ አንዲት መስመር አለች። የሲሚንቶን ካልሲየም በሶዳ አሽ አክሙ ትላለች። ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት ማዕድን) ላለበት አለት ከተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ተገልብጣ የመጣች ነው የሚመስለኝ። ለጂፕሰም ልክ ናት። ለሲሚንቶ ግን አትሆንም። ሲሚንቶ ጭቃው ውስጥ የሚለቀው ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ሁለት ጣጣ ይዞ ይመጣል። ካልሲየሙ የቤንቶናይቱን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያጣብቃል። አልካሊነቱ ፒኤቹን (የአልካሊነት መለኪያውን) ከ12 በላይ ይሰቅለዋል። ሶዳ አሽ ካልሲየሙን ያዘቅጥና በምትኩ ፒኤቹን ይበልጥ የሚሰቅል ኮስቲክ ሶዳ ትቶ ይሄዳል፤ ለአንድ ሞለኪውል ኖራ ሁለት። ባይካርቦኔት (ሶዲየም ባይካርቦኔት) ያንኑ ሥራ ሠርቶ የሚተወው አንድ ብቻ ነው።

ይህን ለሱፐርቫይዘሩ ነገርኳቸው። «ባይካርቦኔቱን ቀድመን እንጨምር። ካልሆነም ለሲሚንቶው የተወሰነ ጭቃ እንለይና ስንጨርስ እንድፋው» አልኳቸው።

«ፕሮግራሙ የጸደቀ ነው። አንተ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጨምር።»

የባይካርቦኔቱ ከረጢቶች ከነፕላስቲካቸው መጋዘን ቀሩ።

ችግሩን መጀመሪያ ያየው ወንፊቱን የሚጠብቀው ልጅ ነው። «ኢንጂነር፣ እስኪ ይሄን እየው!» ጭቃው ወንፊቱን አላልፍ ብሏል። ወፍሮ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ከነቁርጥራጩ በጫፉ ይደፋል። ናሙና ወስጄ ማጣሪያ ፕሬሱ ላይ በ100 ፒኤስአይ ግፊት ለ30 ደቂቃ አስቀመጥኩት። ውሃው ያለ ልክ ወረደ። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ኬክ ቀጭንና ጠንካራ መሆን ነበረበት። የኛው ወፍራም ነው፤ በጣት ሲጫኑት ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል።

እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሶዳ አሹ ከገባ በኋላ የተጣራውን ውሃ ካልሲየም ስለካ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሱፐርቫይዘሩ ቁጥሩን አዩና «በቃ፣ ድኗል» አሉ። የት ይድናል! ፒኤች ይህን ያህል ሲወጣ ኖራ በደንብ አይሟሟም። ዱቄቱ እንዳለ ጭቃው ውስጥ ቁጭ ይላል። የተጣራውን ውሃ ብቻ የሚለካ ሰው አያገኘውም፤ መመርመር ያለበት ጭቃው ራሱ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ጭቃ በዲስትልድ ውሃ አቀጠንኩና አልካሊ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆነውን ፌኖልፍታሊን ጠብ አደረግኩበት። ደማቅ ሮዝ ሆነ። አሲድ ስጨምርበት ሮዙ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣ። አሲድ ደገምኩት፤ ጠፋ፤ አሁንም ተመለሰ። ያልሟሟው ኖራ ተራውን እየጠበቀ እየሟሟ ነበር። ሪፖርት ላይ የሚመዘገበው ሮዙ መጀመሪያ ሲጠፋ ያለው ቁጥር ነው። ተመልሶ መምጣቱ ግን ከቁጥሩ የበለጠ ይናገራል። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ሄድኩ።

«ቀለም አይቼ ፕሮግራም አልቀይርም» አሉኝ።

ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ፓምፑ ነው። ፓይፕ ልንቀጥል አቁመን ስናስነሳው ግፊቱ ዘለለ። እንዲህ ረግቶ የቆመን ጭቃ በኃይል ሲያንቀሳቅሱት ከኬዚንጉ በታች ያለው አለት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያኔ ጭቃው ወደ ስንጥቁ ይገባና ሌላ መዘዝ ይመጣል። እሳቸው መጀመሪያ ያዘዙት ውሃ ነበር። ውሃ ለጊዜው ያቀጥናል፣ ክብደቱንም ይቀንሳል፤ ኖራውን ግን አይነካውም። ወዲያው መልሶ ወፈረ። የባይካርቦኔቱ ከረጢት የተቀደደው ያኔ ነው። በጣም የተበላሸውን ደፋን፤ በቀረው ላይ ባይካርቦኔትና ማቅጠኛ ሊግኖሰልፎኔት ጨመርን። ጭቃው ቀስ በቀስ ወደ ልኩ ተመለሰ። ሪፖርቱ ላይ ምን ተጻፈ መሰላችሁ? «በፕሮግራሙ መሠረት ታክሟል።»

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ለቀጣዩ ክፍል ጭቃ የሚቀየር ከሆነ ሲሚንቶውን በአሮጌው ቆፍራችሁ ድፉት፤ ለመድኃኒት ገንዘብ አታውጡ። ጭቃው የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ባይካርቦኔቱ ከቢቱ ይቅደም። ለ1 ኪሎ ኖራ 1.1 ኪሎ ገደማ ይበቃል። «ለማንኛውም» እያላችሁ አትከምሩበት፤ የተረፈው ካርቦኔት ይሆንና እሱም በተራው ጭቃውን ያወፍራል። ኖራ ያወፈረውና ካርቦኔት ያወፈረው ጭቃ በዓይን አይለዩም፤ ካልለካችሁ በሽታውን በበሽታ ታክማላችሁ። በደንብ ያልጠነከረ ሲሚንቶ ደግሞ ከጠነከረው ይልቅ ብዙ ኖራ ይለቃል። ስለዚህ እስኪጠነክር ጠብቁ፤ «ሪጉ (የቁፋሮ ማሽኑ) በከንቱ ቆመ» ብሎ የሚጮኸውን ተዉት፤ ይጩህ።

ያቺ የሶዳ አሽ መስመር በቀጣዩ ፕሮግራም ላይም ቃል በቃል መጣች። በእስክሪብቶ ሰርዤ «ባይካርቦኔት» ብዬ ጻፍኩና አስፈረምኩ። የፈረሙት ሱፐርቫይዘር ሌላ ሰው ነበሩ፤ ያነበቡትም አይመስለኝም።