የአዲስ አበባን ኤፍ ኤም ሀዋሳ ሳሎን ማስገባት፦ ስማርት ስፒከርን ለሬዲዮ ማዘጋጀት

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ እንዲህ ያለ ርቀት አይችልም፤ በማሰራጫውና በተቀባዩ አንቴና መካከል ተራራ ወይም የመሬት ጉብታ ከገባ ያልቅለታል። ስለዚህ ሸገርን በ102.1፣ ፋናን በ98.1፣ አሐዱን በ94.3 ታቦር ተራራ ስር ሆኖ በተራ ሬዲዮ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። እነዚህ የአዲስ አበባ ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው። በኢንተርኔት ሲመጡ ግን ርቀት የለም፤ ጥሩ የተዘጋጀ ስማርት ስፒከር፣ ማለትም በዋይፋይ የሚሠራና በንግግር የሚታዘዝ ድምፅ ማጉያ፣ ቡፌው ላይ ካለ ጥርት ብለው ይሰማሉ።

«ጥሩ የተዘጋጀ» የምለው በምክንያት ነው። ስፒከሮቹ ውስጥ ሆነው ትእዛዝ የሚቀበሉት የአማዞን አሌክሳም ሆነ የጎግል አሲስታንት አማርኛ አይሰሙም። በቤቱ ውስጥ ሬዲዮ አብልጦ የሚወደው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናት ወይም አባት ነው፤ እንግሊዝኛ የማይናገረው ሰው። ዕቃውን ለእነሱ ብለው ካላሰናዱት ሁለት ሳምንት ያበራል፣ ከዚያ ዳንቴል ይለብስና ጌጥ ይሆናል። ከታች ያለው ሁሉ ያተኮረው እዚያ ላይ ነው፤ አንዴ ተሠርቶ፣ ከዚያ እናት ሁለት ቃል ብቻ ተናግረው የሚሰሙት ሬዲዮ።

መጀመሪያ ቻርጀሩ። ከውጭ በመጣው ስፒከር ቻርጀር ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ 100-240 ካለ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ጠፍጣፋውን እግር ወደ ክብ የሚቀይር ማገናኛ ብቻ ነው። 120 ብቻ ካለ ለሙከራ እንኳን አትሰኩት። የቻርጀሩ መውጫ ቮልቴጅም ከስፒከር ስፒከር ይለያያል። ጎግል ኔስት ሚኒ 14 ቮልት ይወስዳል፤ አሌክሳ ያለበት የአማዞኑ ኤኮ ዶት ሦስተኛውና አራተኛው ትውልድ ደግሞ 12 ቮልት። የድሮው ጎግል ሆም ሚኒ እና ሁለተኛው ትውልድ ኤኮ ዶት ግን 5 ቮልት በማይክሮ ዩኤስቢ ነው የሚሠሩት። መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር እነዚህን የድሮዎቹን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም 2 አምፒር በሚሰጥ ተራ ፓወር ባንክ ይነሳሉ። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ውስጥ 37 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለ፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ 30 ቢቀር፣ በመካከለኛ ድምፅ 3 ዋት ለሚበላ ስፒከር 10 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ራውተሩ ከጠፋ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙዎቹ ራውተሮች 12 ቮልት ስለሚወስዱ፣ 12 ቮልት የሚያወጣ ትንሽ የራውተር ባትሪ አብራችሁ ያዙ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ስፒከሩ ቶሎ ይነሳል፣ ራውተሩ ግን መስመር እስኪይዝ ደቂቃዎች ይወስዳል። በዚያ መሃል ሬዲዮ ከታዘዘ ኢንተርኔት የለም ይላል፤ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ ትንሽ ታገሱት። ሲጫወት የነበረው ጣቢያም በራሱ አይቀጥልም፣ እንደገና መታዘዝ አለበት።

ኔትወርኩ ላይ ሰው የሚፈራው ፍጥነቱን ነው፤ ለሬዲዮ ግን ፍጥነት ችግር ሆኖ አያውቅም። ጥሩ ጥራት ያለው ስርጭት በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ነው፤ 4 ሜጋ ቢት ያለው መስመር በስሌት እንዲህ ያለውን ሠላሳ ይሸከማል። ሬዲዮን የሚገድለው የመስመሩ መቆራረጥ ነው። ዳታውን ደግሞ አስሉት፦ 128 ኪሎ ቢት ማለት በሰዓት 58 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፣ 64 ኪሎ ቢት ደግሞ 29። በቀን 4 ሰዓት የሚሰማ ቤት በ30 ቀን በ128ቱ 6.9 ጊጋ ባይት፣ በ64ቱ 3.5 ያህል ይጨርሳል። በወር ክፍያ ያልተገደበ መስመር ላላቸው ይህ ምንም አይደለም። በሞባይል ጥቅል የምትሰሙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ስፒከሩ ሰው ቤት መኖር አለመኖሩን አያውቅም። ሳታጠፉት ክፍለ ሀገር ብትሄዱ በ24 ሰዓት 1.4 ጊጋ ባይት ለባዶ ቤት ይዘፍናል።

የዋይፋዩን ስም ስትመርጡ ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ ለየብቻ የሚያወጣ ከሆነ ስፒከሩን 2.4ቱ ላይ አድርጉት። በብሎኬት ግድግዳ በኩል አልፎ ሰርቪስ ቤት ድረስ የሚደርሰው እሱ ነው፣ ለሬዲዮም ከበቂ በላይ ነው። መጀመሪያ ሲቋቋም ስልኩና ስፒከሩ አንድ ዋይፋይ ላይ መገናኘት አለባቸው። የጎግሉን በስልክ ሆትስፖት ለማስገባት የሚሞክሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይያዛሉ፤ ሆትስፖት የሰጠው ስልክ ራሱ ማቋቋሚያ ሊሆን ስለማይችል ሁለተኛ ስልክ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሆትስፖት ይሰጣል፣ ሌላው ገብቶ ያቋቁማል። በአይፎን ሆትስፖት ከሆነ ደግሞ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የምትለዋን አብሩ፤ ያኔ በ2.4 ያሰራጫል። ስልክ ቁጥርና ኮድ በብራውዘር አስገቡ የሚል ዋይፋይ ለስፒከር አይመችም፤ ኮዱን የሚያስገባበት ብራውዘር የለውማ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጣቢያው።

ከስፒከሩ ጋር ከመታገላችሁ በፊት ስልክ ላይ ቲዩንኢን የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑ። ሁለቱም ስፒከሮች የዓለምን ሬዲዮ ባብዛኛው የሚያገኙት ከዚህ ማውጫ ነው። የጣቢያውን ስም በላቲን ፊደል ጻፉና ፈልጉ። አንድ ጣቢያ ሁለት ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ አንዱ ሕያው፣ ሌላው ሊንኩ የሞተ። እያንዳንዱን ክፈቱና አምስት ደቂቃ ስሙት። ነፃው አገልግሎት መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ ስለሚያሰማ፣ ማስታወቂያው ስለተሰማ ብቻ ጣቢያው ይሠራል አትበሉ፤ ከማስታወቂያው በኋላ ዝም ካለ ያ ምዝገባ ሞቷል። የሚሠራውን ስታገኙ የስሙን አጻጻፍ ፊደል በፊደል መዝግቡ። ስልኩ ላይ ያልተጫወተ ጣቢያ ስፒከሩ ላይም አይጫወትም፤ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም ማለት ነው። ይቺ ፍተሻ ብዙ ድካም ታስቀራለች።

ስልኩ ወይም ራውተሩ ላይ ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ አገር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ካለም አጥፉት። በተለይ በእንግሊዝ በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ ቲዩንኢን በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እዚያ ላሉ አድማጮች የውጭ ጣቢያዎችን ስለዘጋ የኢትዮጵያው አይመጣም። ለንደን ያሉ ዘመዶች «ለኛ አይሠራም» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ስፒከሩን «102.1 ክፈት» ብላችሁ በቁጥር አትዘዙት። በአሜሪካ በዚያ ቁጥር የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱን አንስቶ የአሜሪካ ሙዚቃ ይለቅባችኋል። በስም ስትጠሩትም እንግሊዝኛ የሚሰማ ጆሮ ነውና «ሸገር»ን ወይም «ፋና»ን ወደሚያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ይጎትተዋል።

መፍትሔው «ሩቲን» ነው፤ እናንተ የመረጣችሁትን ቃል ሲሰማ፣ እናንተ ጽፋችሁ ያስቀመጣችሁትን ትእዛዝ ይፈጽማል። የተጻፈ ትእዛዝ በጆሮው ስለማያልፍ የጣቢያው ስም አይዛባም፤ ጥበቡ ይሄው ነው። በአሌክሳ መተግበሪያ «ሞር»፣ ከዚያ «ሩቲንስ»፣ ከዚያ የመደመር ምልክቷን ንኩ። መቀስቀሻው ላይ «ቮይስ» መርጣችሁ መጥሪያ ቃሉን ጻፉ። ድርጊቱ ላይ «ከስተም» የሚለውን መርጣችሁ፣ «ፕሌይ»፣ የጣቢያው ስም ልክ እንደመዘገባችሁት፣ «ኦን ቲዩንኢን» ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ። በጎግል ሆም መተግበሪያ ደግሞ «አውቶሜሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ ተመሳሳዩን ታደርጋላችሁ፤ መጥሪያው «ለአሲስታንት ስናገር» የሚለው ነው፣ ትእዛዙም በጽሑፍ ይገባል።

መጥሪያ ቃል ስትመርጡ እናት ዛሬም ከሚናገሯቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ውሰዱ። «ሆም ሬዲዮ» ጥሩ ነው፣ «ስፖርት ሬዲዮ» ጥሩ ነው። «ሬዲዮ ዋን» አትበሉት፤ በዚያ ስም የሚታወቅ የቢቢሲ ጣቢያ አለ፣ ሩቲኑ በሳተ ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል። «ሸገር» ነው የምለው ካሉ ደግሞ መንገድ አለው። እሳቸው ራሳቸው በተለመደው ድምፃቸው አምስት ስድስት ጊዜ ይናገሩ። ከዚያ በአሌክሳ መተግበሪያ ውስጥ የድምፅ ታሪኩን ክፈቱ፤ ስፒከሩ ምን ብሎ እንደሰማቸው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ደጋግሞ የጻፈውን የተሳሳተ ቃል ወስዳችሁ እሱኑ መጥሪያ አድርጉት። ሁለት ዓይነት አድርጎ ከሰማ ሁለቱንም አስገቡ። እሳቸው «ሸገር» ይላሉ፣ እሱ የራሱን ቃል ይሰማል፣ ሬዲዮውም ይከፈታል። በእናንተ ድምፅ ሠርቶ በእናት ድምፅ የማይሠራ ሩቲን ግን ያልተሠራ ያህል ነው፤ ፈተናውን በእሳቸው አድርጉ።

ስፒከሩ ሲጠራ የሚነቃበት ስምም ይታሰብበት። ለአማርኛ አፍ «አሌክሳ» ከ«ሄይ ጎግል» የሚቀል ይመስለኛል። ቤት ውስጥ አሌክስ የሚባል ልጅ ካለ ግን በተጠራ ቁጥር ስፒከሩ አቤት ይላል፤ ያኔ ወደ «ኮምፒውተር» ወይም «ኤኮ» ቀይሩት። ማጥፊያው «ስቶፕ» ነው፣ ይህን የማያውቅ የለም። በእጅ መንካት ለሚመርጡ ኔስት ሚኒን መሃል አናቱን መንካት ያቆመዋል።

ቲዩንኢን ውስጥ የሌለ ጣቢያ ሲሆን ከስልክ መላክ ይቻላል። ሁለቱ መንገዶች ግን አንድ አይደሉም። በብሉቱዝ ሲሆን ስልኩ ራሱ ነው የሚጫወተው፤ ስልክ ሲደወል ሬዲዮው ይቋረጣል፣ ከ10 ሜትር ገደማ ሲርቅም ይጠፋል። ካስት ሲሆን ግን ስልኩ አድራሻውን ብቻ ይሰጥና ስፒከሩ ራሱ ከኢንተርኔት ይስበዋል፤ ስልኩን ይዛችሁ ገበያ ብትሄዱ ሬዲዮው ይቀጥላል። ካስቱ ለጎግሎቹ ነው። የጣቢያውን የስርጭት ሊንክ ካገኛችሁ ቪኤልሲ በሚባለው የማጫወቻ መተግበሪያ ውስጥ አስገብታችሁም መላክ ትችላላችሁ፤ በዚህኛው ግን ስርጭቱ በስልኩ በኩል ስለሚያልፍ ስልኩ ቤት ይቀራል።

ሰዓቱን አትርሱ። ስፒከሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ዜና መስማት ከፈለጋችሁ ማንቂያው «6 ኤኤም» ነው የሚባለው፤ የማታ 2 ሰዓት «8 ፒኤም»። ዘመድ በአሜሪካ አድራሻ ያቋቋመው ስፒከር ከሆነ የሰዓት ክልሉ እዚያው ቀርቶ ይሆናል። በአሌክሳ በመሣሪያው ቅንብር ውስጥ «ታይም ዞን»ን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቀይሩ፤ በጎግል የቤቱን አድራሻ ማስተካከል ነው። ማታ ሬዲዮ እየሰሙ ለሚተኙ «ስሊፕ ታይመር 30 ሚኒትስ» ማለት በግማሽ ሰዓት ያጠፋዋል፤ ይህም ሩቲን ሊሆንላቸው ይችላል።

ኳስ ለምትከታተሉ፦ በኢንተርኔት የሚመጣ ስርጭት ከአየሩ ይዘገያል። ድምፁ ተቆራርጦ ተጨምቆ፣ በሰርቨር አልፎ፣ ስፒከሩ ውስጥ ጥቂት ተጠራቅሞ ነው የሚወጣው፤ ከ10 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። ጎረቤት በቴሌቪዥን ጎል ብሎ ሲጮህ የእናንተ ተንታኝ ገና ኳሷን መሃል ሜዳ ላይ ያንከባልላታል። ማስተካከያ የለውም። በሀዋሳ አየር ላይ ያሉትን የአካባቢውን ጣቢያዎች ደግሞ በተራው ሬዲዮ ስሟቸው፤ ሳይዘገዩ፣ ያለ ዳታ፣ መብራትም ሄዶ ይሰማሉ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አታስቀምጡት፤ የቴሌቪዥን ንግግር ይቀሰቅሰዋል። ረከቦቱ አጠገብም አይሁን፤ የከሰልና የዕጣን ጭስ ጨርቁ ላይ እየተቀመጠ ማይክሮፎኑን ይደፍነዋል። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ ከሦስት ሜትር የተጠራን ስም አይሰማም፤ የመቀመጫቸው አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ይሁን። ድምፁ ካነሰባችሁና ቤት ውስጥ የቆየ ትልቅ ቴፕ ካለ አትጣሉት። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ትውልድ ያሉት ኤኮ ዶቶች 3.5 ሚሊ ሜትር የድምፅ መውጫ አላቸው፤ አንድ የኦክስ ገመድ ከቴፑ ጋር ያገናኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ይህን መውጫ አስቀርቷል፣ ኔስት ሚኒም የለውም፤ ስትገዙ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ።