ጥለቱም ይቆጠራል

መዳፍ የሚያህል አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ቀይና ወርቃማ ጥለት ያለው ነጠላ፣ ባለ መስመር የሸራ ቦርሳ። ይህን ይዛ የወጣች ሴት ስንት ዲዛይን እንደደራረበች ብትጠየቅ «ቀሚሱ ብቻ ነው አበባ ያለበት» ትላለች። እኔ ስቆጥር ሦስት ነው። ነጠላ ነጭ ስለሆነ ከሁሉም ጋር ይሄዳል ብለን ለምደን፣ ዳሩ ላይ የተሸመነውን ጥለት ከቁጥር እናወጣዋለን። ስለ አበባ ልብስ ባሰብኩ ቁጥር የሚመላለስብኝ ይኸው ነው። ዲዛይን በዲዛይን ላይ መደረብ ለእኛ እንግዳ ፋሽን ሊሆን አይችልም፤ በየእሑዱ እናደርገዋለን፣ ግን ሳንቆጥር።

ጥለት የመስመር ዘመድ ነው። ጠርዙ ስል፣ ቅርጹ ማዕዘናማ፣ ክሩ ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቅ። አበባ ደግሞ ክብ ነው፣ ዳሩም የላላ። እንዲህ ስለሚለያዩ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይግባባሉ፤ ጠብ የሚነሳው መጠናቸው ሲቀራረብ ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥለት መዳፍ ከሚያህል አበባ ጋር አያስቸግርም፤ ዓይን ትልቁን ቀድሞ ያይና ትንሹን እንደ ክፈፍ ይወስደዋል። ጥለቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ከሆነ ግን አበባው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ቢሆን ይሻላል። ሰፊ ጥለት ከትልቅ አበባ ጋር ሲሆን ሰውየዋ ትጠፋና ጨርቁ ብቻ ይቀራል። እኔ የምይዘው ልክ አንዱ ከሌላው ሦስት እጥፍ ያህል እንዲበልጥ ነው። ለካሬም ለነጠብጣብም ይሠራል፦ ጥቃቅን አበባ ላይ ሰፋ ያለ ካሬ፣ ትልቅ አበባ ላይ ቀጭን መስመር። መስመሩ ከ2 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሌላ ጣጣ አለው፤ በስልክ ካሜራ ፎቶ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል።

መጠኑን መስታወት ፊት ተጠግቶ መለካት አይቻልም። መንገድ ላይ ሰው የሚያየን ቢያንስ ከ3 ሜትር ርቀት ነው፤ በዚያ ርቀት ጥቃቅን አበባ ይዋሐድና አንድ ቀለም ይመስላል። ሰማያዊ ላይ የተበተነ ጥቃቅን ነጭ አበባ ከሩቅ ደብዛዛ ሰማያዊ ነው። ይህ ጥቅም ነው፦ እንዲህ ያለውን ጨርቅ እንደ ባለ አንድ ቀለም ልብስ ቆጥሮ ላዩ ላይ ደፈር ያለ ነገር መጨመር ይቻላል። ሌላው መለኪያ ስልክ ነው። ልብሶቹን አልጋ ላይ ዘርግቶ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ማድረግ። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ቀለማቸው የቱንም ያህል ቢያምር ሲለበሱ ይደበላለቃሉ። አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ብሎ መታየት አለበት።

ስለ ነጭ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ነጭ አንድ ብቻ አይደለም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወተትማ ነው፣ ትንሽ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ከፋብሪካ የሚመጣው የፖሊስተር ጨርቅ ነጭ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚወስድ፣ በረዶ የመሰለ ነው። መደቡ በረዶማ ነጭ በሆነ የአበባ ቀሚስ ላይ የፈትል ነጠላ ሲጣል፣ ያ ስንት ወር የተደከመበት ፈትል ያደፈ ይመስላል። ነጠላው አልቆሸሸም፤ ጎረቤቱ ነው ያጋለጠው። ስለዚህ ጨርቅ ሲገዛ የነጠላውን ጫፍ ይዞ መሄድ፣ ከሱቁ መብራት ወጥቶ ደጅ ላይ ማስተያየት ነው። መርካቶም ሆነ ሽሮ ሜዳ የሱቅ አምፖል ላይ ተማምኖ ነጭ መምረጥ አያዋጣም። መደቡ ክሬም፣ ቡና ወይም ጥቁር አረንጓዴ የሆነ አበባ ከፈትል ጋር ሁልጊዜም ይስማማል።

ቀለም ሲመረጥ ሰው ሁሉ የሚይዘው የአበባውን ቅጠል ነው፤ ቀይ ጽጌረዳ ካለበት ቀይ ጫማ፣ ቀይ ቦርሳ። እንዲህ ያለው «ማች» የሠርግ ሚዜ ያስመስላል። የሚሻለው በጨርቁ ላይ በጣም ጥቂት ቦታ ከያዘው ቀለም መውሰድ ነው፦ ከግንዱ አረንጓዴ፣ ከአበባው እምብርት ሰናፍጭ፣ ከጥላው ሐምራዊ። ጥለቱ ውስጥ ካሉት ክሮችም ቢያንስ አንዱ ከዚያ ጨርቅ ውስጥ ይገኝ። አንድ የጋራ ቀለም ካለ የቀረው ቢለያይም ችግር የለውም፤ አንድም ከሌለ ግን ልብሱ ከሁለት ሰው ሻንጣ የተለቀመ ይመስላል።

ድሬዳዋ ላይ ይህ ሁሉ ሕግ ሲጣስ ዓይኔ ቅር አይለውም። እዚያ ሙቀቱ ነው ልብሱን የሚመርጠው፤ ሰፊና ስስ ባለ አበባ ሺቲ ላይ ሌላ አበባ ያለው ሻሽ ጣል ይደረጋል፣ ያምራልም። ለምን ያምራል ብዬ ሳስብ፣ ሁለቱም ጨርቆች እኩል ስስና እኩል ደማቅ ስለሆኑ ይመስለኛል። ያንኑ ሻሽ አዲስ አበባ አምጥቶ ከወፍራም ግራጫ ካፖርት ጋር ማድረግ ሌላ ነገር ነው። አበባ በአበባ ላይ የሚሠራው የጨርቁ ክብደትና የቀለሙ ጉልበት ሲመጣጠን ነው።

ለቢሮና ለዘወትር ቀላሉ መንገድ አበባውን ከታች፣ መስመሩን ወይም ካሬውን ከላይ ማድረግ ነው። ከሰልባጅ የሚገኝ የወንድ ባለ ካሬ ሸሚዝ እጅጌው ሁለቴ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወገብ ላይ ገባ ተደርጎ ከአበባ ጉርድ ጋር በጣም ይሄዳል። መሃላቸው ግን ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ባለ አንድ ቀለም ቀበቶ ይግባ፤ ያለ እሱ ሁለቱ ዲዛይኖች ወገብ ላይ ይጋጫሉ፣ ሆድም ወፍሮ ይታያል። አዲስ አበባ ጠዋት በርዶ እኩለ ቀን ላይ ስለሚያቃጥል ሹራብ መደረቡ አይቀርም፤ ሹራቡ ያልተዥጎረጎረ ይሁን። ለወንዶች ብዙ አልጽፍም። ጥቃቅን አበባ ያለው ሸሚዝ ባለ አንድ ቀለም ኮት ውስጥ በቂ ነው፣ ከረባት ከተጨመረ ሰፋ ያለ መስመር ያለው ይሁን።

ነጠላን በአበባ ቀሚስ ላይ ለመልበስ ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማሳለፉ ነው። ጥቁርና ትልቅ አበባ በስስ ነጠላ ሥር ይታያል፤ ትከሻ ላይ ደብዘዝ ያለ ጥላ ይመስላል። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ይፈተሽ፤ ካሳለፈ ከላይ ባለ አንድ ቀለም የሆነ፣ አበባው ከወገብ በታች የሚጀምር ቀሚስ መምረጥ ነው። ሁለተኛው መርፌ ነው። ብሮሽ ወይም የጨርቅ አበባ ነጠላው መሃል ላይ ሲሰካ ፈትሉ ላላ ብሎ ስለተሸመነ ክሩ ይሳባል፣ ቀዳዳውም አይመለስም። ጥለቱ ላይ ይሰካ፤ እዚያ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ነው። የግድ ነጩ ላይ ከሆነ ከሥሩ ትንሽ እራፊ አስቀምጦ ሁለቱን አብሮ መያዝ። ለለቅሶ ስለሚለበሰው ግን አንድ ነገር፦ ጥቁር መደብ ላይ ያለ አበባ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፣ ድንኳን ውስጥ ግን ሰው ጉልበት ለጉልበት ነው የሚቀመጠው። ጥለቱ ወደ አንገት ዞሮ በሐዘን በተለበሰ ነጠላ ሥር አበባ ሲታይ ያሳቅቃል።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው። የአበባ ጨርቅ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መቀሱ ሥር ነው። አንዳንዱ ጨርቅ አቅጣጫ አለው፤ ግንዱ ሁሉ ወደ ታች፣ አበባው ወደ ላይ። ሰፊው ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን ቁራጭ ገልብጦ ከቆረጠ ቀሚሱ ፊቱ ያበበ፣ ጀርባው የተዘቀዘቀ ይሆናል። ይህን መስፊያው ላይ ከደረሰ በኋላ ማስተካከል አይቻልም፤ ስለዚህ ከመስጠታችን በፊት የላይኛውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። ጨርቁንም ሰውነት ላይ አስደግፎ ማየት ይገባል። ትልቅ አበባ እምብርቱ ጡት ጫፍ ላይ፣ ሆድ መሃል ወይም መቀመጫ ላይ እንዳያርፍ በእስፒል ቦታውን መያዝ። ከትከሻ አለፍ ብሎ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያጋደለ አበባ ያምራል። መሃል ለመሃል የተገመሰ አበባ ደግሞ የዚፕ ስፌት ያጎላል።

የሜትሩ ሒሳብም ከዚህ ይነሳል። ወርዱ 1.10 ከሆነ ጥጥ፣ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽንሽን ጉርድ እንሥራ። ለቅምቅማት 5፣ ለወገብ 3 ሲጨመር እያንዳንዱ ቁራጭ 83 ነው፤ ሁለት ቁራጭ 1.66 ሜትር። ጥጥ ሲታጠብ በመቶ ከ3 እስከ 5 ሊሰበሰብ ስለሚችል 1.75 እንበለው። አበባው ጥቃቅን ከሆነ እዚህ ላይ ይበቃል። ትልቅ ከሆነ ግን ሁለቱ ቁራጮች ጎን ላይ እንዲገጥሙ ከአንዱ አበባ እስከሚቀጥለው ተመሳሳዩ ያለውን ርቀት መለካትና መጨመር ያስፈልጋል። 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2.15 ነው፤ 2 ሜትር ከሩብ ገዝቶ መገላገል። «2 ሜትር ይበቃሻል» የሚል ሻጭ ስለ ልብሱ ብቻ ነው ያሰበው፣ ስለ አበባው አላሰበም።

ጨርቁ ሳይነከር አይቆረጥ። ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ሰፊዎቹ ዳር ዳሩን ሲንጀሮቻቸውን ደርድረው፣ እርስዎ ቆመው እየጠበቁ በቶሎ ይሰፉልዎታል፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ከሱቅ በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናው የገባ ጥጥ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ያጥራል፣ ገበር ካለው ደግሞ ገበሩ ከታች ይወጣል። አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድሮ፣ አድርቆ፣ ተኩሶ በማግስቱ መውሰድ ነው።

ሙሉ የአበባ ልብስ ለማይደፍር ሰው ጌጡን ብቻ መጨመር ይቀላል፤ እኔም ብጠየቅ ከዚህ ይጀመር እላለሁ። ግማሽ ሜትር የአበባ ጥጥ ብዙ ይሠራል። አንዱ መንገድ የአንገትና የእጅጌ ጠርዝ ነው፦ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አራት ሲታጠፍ 1 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ይሰጣል። በሰያፍ፣ ማለትም ከጨርቁ ጠርዝ ጋር 45 ዲግሪ ተደርጎ መቆረጥ አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ አንገቱ ዙሪያ ላይ አይለጠጥምና ይሸበሸባል። ሌላው የእጅጌው የውስጥ ገጽ ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር የአበባ ጨርቅ ከውስጥ ተሰፍቶ እጅጌው ሲጠቀለል ብቅ ይላል፤ ሳይፈለግ ሲቀር ይዘረጋል። አሮጌ የጂንስ ጃኬት በዚህ ብቻ ይታደሳል።

የጨርቅ አበባ ለመሥራት ደግሞ 6 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በቁመቱ ለሁለት ይታጠፍና፣ ከተከፈተው ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ በድርብ ክር ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ይሰፋል። ክሩ ተስቦ ቁራጩ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ይሸብሸብ፤ መጀመሪያ ጠበቅ፣ በኋላ ላላ እያደረጉ መጠቅለል፣ በየዙሩ ከታች መውጋት። ጀርባው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ወፍራም ጨርቅ ይሰፋበትና መርፌ ቁልፍ ይያያዛል። ጀርባው ባዶ ከሆነ አበባው በክብደቱ ወደ ፊት ይደፋል። ቦታው ከአንገት ሥር ካለው የፊት አጥንት ሦስት ጣት ወረድ ብሎ ነው፤ ከዚያ ካነሰ አገጭ ይነካል፣ ከዚያ ከወረደ ደረት ያስረዝማል።

እጥበት ላይ አጭር ልሁን። አዲስ የአበባ ጨርቅና ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ አብረው አይነከሩ። እርጥብ ጫፉን በነጭ ጨርቅ መሃል አድርጎ በካውያ መጫን፤ ነጩ ከቀላ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። ጨውና አቼቶ ከፋብሪካ የመጣ ቀለም አያስይዝም፣ የሚባለው ለልማድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፤ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይሰጣ።

ክረምት ላይ መሬት የሚነካ፣ መደቡ ነጭ የሆነ አበባ መልበስ ለጭቃ መታገል ነው፤ ከጉልበት ትንሽ ወረድ ያለ፣ መደቡ ጠቆር ያለ ይሁን። መስከረም ሲመጣ ሁሉም ቢጫ ያወጣል። ቢጫ ግን እንደ ነጭ ብዙ ነው፤ የአደይ አበባ ቢጫ ሙቅና ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሲሆን፣ ጥለት ላይ ያለው ወርቃማ ክር ደግሞ በብርሃን ሲመታ ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል። አደይ የታተመበት ቀሚስ ላይ እንዲህ ያለው ወርቃማ ጥለት ከመጣ አንዱ ሌላውን የገረጣ ያስመስለዋል። ያን ቀን ጥለቱ ነጭ በነጭ የሆነውን ነጠላ ከሳጥን ማውጣት ነው።