የዱቄት ፋብሪካው ሎጎ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ነኝ። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የሐዘን ምስጋና፣ ያው የተለመደው። ዓምና የመጣው አንድ ሥራ ግን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል። ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ ያናድደኛል።

ሴሊያክ ለሚባለው በሽታ ምርምር ገንዘብ የሚሰበሰብበት የእግር ጉዞ ነው፤ ከፒያሳ ሆጤ። ቲሸርቱንና በራሪ ወረቀቱን የምንሠራው እኛ ነን። ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ልጇ የታመመባት እናት ናት። ስፖንሰር ፍለጋ ያላንኳኩት በር የለም። በመጨረሻ እሺ ያለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዱቄት ፋብሪካ! ያውም የስንዴ።

ሴሊያክ ያለበት ሰው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲገባበት፣ የገዛ ሰውነቱ ተነሥቶ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃዋል። መፍትሔው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። «ታዲያ እንጀራ እየበላን ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። እናትየዋን ይጠይቃት። ወፍጮ ቤት የምትሄደው በማለዳ ነው፣ የማንም ስንዴ ሳይገባ። እንዲያም ሆኖ የትናንቱ ዱቄት ተርፎ እንዳይሆን መጀመሪያ ማሽላ ታስፈጫለች፤ እሱን ለጎረቤት ትሰጣለች። ከዚያ ነው ጤፉ የሚገባው። ባለወፍጮው ጠንቋይ ያዘዛት ይመስለዋል።

የበራሪ ወረቀቱን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሐኪም አንዲት አንቀጽ አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ሆላንድ በጦርነቱ ሳቢያ ተርባ ዳቦ ሲጠፋ፣ ዲኬ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች እንደተሻላቸው አየ። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ሐኪሙ ቀድሞም ስንዴን ይጠረጥር ነበርና ጥርጣሬው ጸና።

የፋብሪካው የሽያጭ ሰው ይህን ሲያነብ ጣቱን ስክሪኔ ላይ ተከለው።

«ይቺን አውጣልኝ።»

«ውሸት ናት?» አለች እናትየዋ።

«ኧረ እውነት ናት፣ ወላሂ! ግን እህቴ፣ ‹ዳቦ ሲጠፋ ልጆች ተሻላቸው› ከሚል ጽሑፍ ጎን የኛ ሎጎ?»

«እናንተ ለጤነኛው ፍጩ፣ ማን ከለከላችሁ። የኔን ልጅ ምን እንደሚያሳምመው ግን ይጻፍ።»

«የምንከፍለው እኮ እኛ ነን።»

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ጤፍ የሽያጭ ክፍል የለው! ቢኖረው እሱን እለምን ነበር።»

እኔ ማውሴን ይዤ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አያለሁ። ሰውዬውም ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ስንዴ ለሌላው ሰው መርዝ አይደለም። ግን ብር እከፍላለሁ ያለ ሁሉ አራሚ ሲሆን ደሜ ይፈላል። ያውም ገና ሳይከፍል።

በመጨረሻ ተስማሙ። ሎጎው ከፊት፣ አንቀጿ ከኋላ። ወረቀቱን የመረጠው ራሱ ነው። ወፍራሙን ሳሳየው «ለሚጣል ነገር!» ብሎ ስሱን አዘዘ። ታትሞ ሲያልቅ አንዱን አነሳና ወደ መስኮቱ ዞር አለ። በብርሃኑ የዲኬ ታሪክ ከሎጎው ጀርባ፣ ልክ የስንዴ ዛላው መሃል ላይ፣ ተገልብጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ዝም። እናትየዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

የእግር ጉዞው አማረ። የኛ ቀሪ ክፍያ ግን መንገድ ላይ ቀረ። አለቃዬ ተናዶ «ሙሉ ክፍያ ሳይፈጸም ሥራ አንጀምርም» የሚል ማስታወቂያ አሠራኝና በሩ ላይ ለጠፈ።

ሰሞኑን ያው የሽያጭ ሰው ካላንደር ሊያሳትም መጣ። ቆሞ ማስታወቂያውን አነበበ። አለቃዬም ሲያነብ አየው።

«ለእነሱ እንኳ ችግር የለም፣ ጀምርለት» አለኝ።

ሰውዬው በዱቤ ነው ያዘዘው። ወረቀቱ ግን ወፍራም ይሁንልኝ ብሏል።